ለፊዚክስ ዝም ያለው ግቢ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ማንም አልሞተም። አንድ ሰው በገዛ ግቢው ወደቀ፤ አንዲት ተማሪ ደግሞ በማግስቱ ፈተና ተፈተነች። ይኸው ነው። ከዚህ የባሰ የገጠማችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ወረቀት ባነሳሁ ቁጥርም "ይሄ ደግሞ ምኑ ይወራል?" የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ነገር ግን ካልተናገርኩት እንደ ማንኛውም ቀን ተረስቶ እንዳያልፍ ፈራሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ። ይገባው እንደሆነ እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ሐናን እባላለሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ካሉት የድሮ ግቢዎች በአንዱ ነው። ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ቤት ለቢሮ ተከራይቷል፤ ከኋላ ባሉት ሰርቪስ ቤቶች እኛና ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ እንኖራለን። በእኛ በርና በግቢው ጥግ ባለው የኒም ዛፍ መካከል ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሜዳ አለ። ይህን ሜዳ ልብ በሉልኝ።

አባቴ አብዲ የዋሂል መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነበር። ድምፁ ከመኪናው ክላክስ ይበልጣል ይባልለት ነበር። ግቢ ሲገባ በሩ ላይ ሆኖ "ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?" ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ከውስጥ "አለን አቦ! ደንቁረን ቁጭ ብለናል!" ትለዋለች። አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ንግግሩ ተመለሰ፤ ድምፁ ግን ቀነሰ። ብዙ ወራት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ ኑሮው።

በሆስፒታል በእግሩ ያቆሙት አቶ መኮንን የሚባሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናቸው። እጃቸውን ከጀርባው አድርገው፣ ጉልበታቸውን ከጉልበቱ ፊት ደግፈው፣ "አሁን አፍንጫዎን ወደ እኔ ያምጡ" አሉት። አባቴ አፍንጫውን ወደ ፊት አመጣ፤ መቀመጫው ከወንበሩ ለቀቀ፤ ቆመ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ግን የእኚያን ሰውዬ እጅ ነበር የማየው። ምን እንደምማር የወሰንኩት በዚያች ደቂቃ ነው።

ያኔ ፊዚዮቴራፒ ማለት ሰውን ደግፎ ማስነሳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መጀመሪያ የጠበቀኝ ፊዚክስ ነው፤ ከኋላው ሒሳብ፣ ከሒሳቡ ኋላ ኬሚስትሪ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ትምህርት ክፍል የምንመደበው በውጤት ነው፤ የእኔ ምርጫ ደግሞ በእነዚህ ትምህርቶች ደካማ የሆነን ሰው አይቀበልም። በትጋቴ ማንም አያማኝም። ከፊት እቀመጣለሁ፣ መምህሩ የሚያዝዘውን ሁሉ እሠራለሁ፣ ሳይገባኝም አንገቴን እነቀንቃለሁ። የመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ሲመለስ ግን ከግማሽ በታች ነበርኩ። ጓደኛዬ ቢፍቱ ወረቀቴን አይታ፣ "አንቺ ፊዚክስን ትወጂዋለሽ፣ እሱ ነው አንቺን የማይወድሽ" አለችኝ። ሳቅኩላት። ቤት ስደርስ "ጥሩ ነው" አልኳቸው።

ጠዋትና አመሻሽ አባቴን አራምደው ነበር። ወገቡ ላይ ሰፊ ቀበቶ አስሬ ከኋላ እይዘዋለሁ፤ እሱ በግራ እጁ ምርኩዙን ይይዛል፤ ከበራችን እስከ ኒሙ ሄደን እንመለሳለን። የራሳችን ጨዋታ ነበረን። እኔ ረዳት ነኝ፣ እሱ ሹፌር። ቀበቶውን ካጠበቅኩ በኋላ "ሞልቷል፣ ሳበው!" እለዋለሁ። ዛፉ ስር ስንደርስ እሱ "ወራጅ አለ" ይላል። ድሮ ተሳፋሪዎቹ እንዲያ ሲሉት የሚበሳጨው ሰውዬ፣ አሁን በቃሉ ደስ ይለው ነበር።

አንዳንድ ቀን ሙቀቱን ፈርቶ "ዛሬ ይለፈን አቦ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ከአቶ መኮንን የሰማሁትን እንደ ራሴ እውቀት አድርጌ "ያልተራመድክበት ቀን ወደ ኋላ ይመልስሃል" እለዋለሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር የምናገረው። ይህችን አረፍተ ነገር አባቴ እንዴት አድርጎ እንደያዛት ያወቅሁት በኋላ ነው።

ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ግንቦት ላይ መጣ። ሰኞ ጠዋት ቀበቶውን ይዤ ስቀርብ አባቴ እጄን ያዘና፣

"ኢንተለ ኮ፣" አለኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ሲለኝ እንዲያ ነው፤ "ፈተናሽ እስኪያልቅ መኪናዋ ጋራዥ ትግባ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ሂጂ አጥኚ።"

"እርግጠኛ ነህ?" ስለው ቀበቶውን እየጠቀለልኩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ከሆነው ሁሉ አብልጦ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ እፎይታ ነው። እሱ ፊቴን እያየ ነበር፤ ያነበበው ይመስለኛል።

በዚያ ሳምንት ግቢያችን እንደ መስጊድ ጸጥ አለ። አዛዧ እትዬ ጥሩወርቅ ነበረች። ገና ፊዚክስ ሳላልፍ "ዶክተር" ብላ የሰየመችኝ እሷ ናት። ሬዲዮኗን ዘጋች። በርበሬ መውቀጧን ተወች። በር ላይ ለወሬ የሚቆሙትን ሰዎች "ሂዱ ወዲያ! ውስጥ ዶክተር እያጠናች ነው!" እያለች ታባርራለች፤ የእሷ ማባረር ራሱ ከሁሉም ይበልጥ ይረብሸኝ ነበር። እናቴ ሰሃን ስታጥብ እንኳን ጨርቅ ላይ ታስቀምጠዋለች። አባቴ በቀን የሚናገረው ከጥቂት ቃል አያልፍም። የምፈልገውን ሁሉ በሹክሹክታ ያመጡልኝ ነበር። እኔም ለመድኩት። እንዲያውም አንድ ቀን እናቴ ሲያስላት ቀና ብዬ አየኋት። ወጥታ አሳለች።

ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። ሐሙስ ቀትር ላይ እናቴ ከቀፊራ ገበያ ጨርቅ መሸጫዋን ዘግታ መጣች፤ አባቴን አበላችው፤ ሳቢያን የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ለቅሶ ነበርና ልትሄድ ነጠላዋን ለበሰች። አባቴን እግሩን አስተካክላ አስተኛችው።

"የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ሐናንን ጥራት" አለችው።

"ምን ያስፈልገኛል?" አላት።

የድሬን ቀትር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ይጋደማል። ከተማው ሁሉ እስከ ዐሱር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ ይተኛል። እኔ ክፍሌ ገብቼ ማራገቢያውን ከፈትኩ፤ ጆሮዬ ላይ ጥጥ አደረግኩ። የያዝኩት ጥያቄ ስለ መሰላል ነበር። መሰላል ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ሰው ሊወጣበት ነው፤ መሰላሉ ሳይንሸራተት እንዲቆም ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ምን ያህል መሆን አለበት? ነገሩ እንዲገባኝ ጮክ ብዬ ማንበብ ልማዴ ነው። "መሰላሉ ለምን ይንሸራተታል? ወለሉ ስለማይይዘው" እያልኩ ደጋግሜ ለራሴ አስተማርኩ።

በመሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ። በጥጡና በማራገቢያው ውስጥ አልፎ የመጣ "ዱብ" የሚል ነገር። ቀጥሎ የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ፣ "እሽሽ! ዝም በሉ እንጂ እባካችሁ!" አለ። ከዚያ ጸጥ።

ድመት ከጣሪያ የወረደች መሰለኝ። ወይም እንዲመስለኝ ፈለግኩ፣ አላውቅም። "ዛሬም እንኳን ዝም አይሉም?" ብዬ ማራገቢያውን ከፍ አደረግኩትና ወደ መሰላሌ ተመለስኩ።

የዐሱር አዛን ሲጀምር ጥጡን አወጣሁ። ጥያቄውን ፈትቼው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሴ ከመጽሐፉ መልስ ጋር ገጠመ። ለአባቴ ልነግረው ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አልጋው ባዶ ነው። ደፍ ላይ ነጠላ ጫማው፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው፣ በሥርዓት ተቀምጠዋል። "ያለ ጫማ የት ሄደ?" ብዬ ወደ ደጅ አየሁ።

ኒሙ ስር ነበር። በጎኑ ተጋድሟል፤ ትከሻው ጥላው ውስጥ ነው፣ እግሮቹ ግን ፀሐይ ላይ። ምርኩዙ ሜዳው መሀል ላይ ብቻውን ወድቋል።

ባዶ እግሬን ሮጥኩ። ሲሚንቶው አቃጠለኝ፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ዘለልኩ። እዚያው እየዘለልኩ አባቴ በዚህ ላይ እንደተራመደ ገባኝ።

አጠገቡ ስንበረከክ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ደርቋል። ምን አለኝ መሰላችሁ?

"ጨረስሽ?"

"አባ! መቼ ነው የወደቅከው? ለምን አልጠራኸኝም?"

"መሰላሉን እያነበብሽ ነበር" አለኝ። ወደ መስኮቴ በዓይኑ ጠቆመ። መስኮቱ ከዛፉ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው ያለው። "እሰማሽ ነበር። ደህና ይዘሽው ነበር፣ አቋርጬሽ እንዳይጠፋብሽ ብዬ።"

"እንዴት ወጣህ? ለምን ወጣህ?"

"ያልተራመድክበት ቀን ወደ ኋላ ይመልስሃል ብለሽ የለ? ከሰኞ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ቆሜያለሁ። አንቺ ሳታይ አንድ ዙር ልሂድ ብዬ ነው።" ትንፋሽ ወሰደ። "ጫማዬ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ አወለቅኩት። ምርኩዙም ሲሚንቶውን ሲመታ ይጮሃል፤ ጫፉን በካልሲ ጠቀለልኩት።"

ዞር ብዬ አየሁ። ምርኩዙ ጫፍ ላይ በክር የታሰረው ከማድረቂያው ገመድ ላይ የተነሳ የእኔ ነጭ ካልሲ ነበር። በአንድ እጁና በጥርሱ እንዳሰረው ክሩ ይመሰክራል።

ከዚያ ያለውን እሱ ባይነግረኝም ይገባኛል። መሬቱ አቃጠለው። ደህናው የግራ እግሩ ከሙቀቱ ለመሸሽ ቶሎ ተነሳ፤ ክብደቱ ሁሉ በማይሰማው ቀኝ እግሩና በምርኩዙ ላይ ወደቀ። ካልሲ የለበሰ ምርኩዝ ደግሞ ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ አይቆምም። ሲወድቅ ደህናውን እጁን አስቀደመ። ከዚያ በጎኑ እየተሳበ ጥላ ፍለጋ ሄደ። ሲያቃስት እትዬ ጥሩወርቅ "ዝም በሉ" አለች፤ እሱም ዝም አለ።

ልጠራት አላስፈለገኝም፤ ጩኸቴን ሰምታ ወጥታ ነበር። ሻሿ ወልቋል።

"ምን ሆነ? አብዲ! ምን ሆንክ?"

"ምንም" አላት አባቴ። "ጎማ ተነፈሰ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ድሮ ክላክስህ ከዋሂል ይሰማን ነበር፤ ዛሬ ደጄ ላይ ወድቀህ ድምፅ አጣህ?" እንዲህ እያለች ጎንበስ ብላ ልታነሳው ስትሞክር የግራ እጁን ነካችው። አባቴ ጥርሱን ነከሰ። ያኔ ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ እኔ ዞረች። "ሐናንዬ፣ እኔ ሰምቼ ነበር። የሰማሁት እሱን ነው። ዝም በሉ ያልኩት እሱን ነው።"

ምንም አልመለስኩላትም። ብመልስ እኔም ሰምቻለሁ ማለት ነበረብኝ።

እንዴት መነሳት እንዳለበት አላወቅኩም። እኔ፣ "ዶክተሯ"፣ ስብራት ሊኖረው የሚችልን ሰው ከየት በኩል እንደሚይዙ አላወቅኩም። ትከሻውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። በዚያች ቅጽበት ያነበብኩት ሁሉ ከራሴ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ መንገድ ወጥታ ባጃጅ ይዛ መጣች፤ ባለ ባጃጁና ትልቁ ቤት ካለው ቢሮ የጠራችው ዘበኛ አንሶላ ስሩ አስገብተው አነሱት። እኔ ምርኩዙን ይዤ ከኋላ ገባሁ። ለምን ምርኩዙን እንደያዝኩ አላውቅም፤ የምይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል።

ባጃጁ ውስጥ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ባለ ባጃጁ በየጉብታው "አይዞህ ጋሼ፣ ቀስ እያልኩ ነው" ይለዋል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ፍሬንህ ይጮሃል፣ አሳየው" አለው።

ሆስፒታል ራጅ እስክንነሳ መሸ። የሁላችንም ፍርሃት ዳሌው ነበር። ስትሮክ ያለበት ሰው ዳሌው ከተሰበረ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እንደማይራመድ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ከሰዎች ወሬ ሰማሁ። ወረፋው አይንቀሳቀስም። እናቴ ከለቅሶ ቤት በቀጥታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደለበሰች ደረሰች። አልጮኸችብኝም። አጠገቤ ተቀምጣ፣

"አልጠራሽም?" አለችኝ።

"አልጠራኝም።"

"አንቺስ ወጥተሽ አላየሽውም?"

"እያጠናሁ ነበር።"

አንገቷን ነቀነቀች። ይህ መልስ በቤታችን ለሁሉ ነገር የሚበቃ መልስ ነበር። ያን ቀን ግን ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት።

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ ሲያይ እናቴ ዱዓ እያደረገች ነበር። ዳሌው ደህና ነው አለ። የተሰበረው የግራ እጁ አንጓ ነው። ሁለቱም የውስጥ እግሮቹ ተቃጥለዋል፤ የቀኙ ይብሳል፤ ስላልሰማው ከሲሚንቶው ላይ አላነሳውም። እናቴ "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔም አልኩ። ቀጥሎ ግን አሰብኩ፤ ቀኝ እጁ አይሠራም፣ ግራው በጄሶ ሊታሰር ነው። አባቴ እጅ የሌለው ሰው ሆነ።

አቶ መኮንን ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲወጡ አገኙን። አባቴን አይተው ሰላም አሉት፤ ጠየቁት፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ምርኩዝ አዩ። ተቀበሉኝ። ካልሲውን ዳሰሱት።

"ይህን ማን አሰረው?"

"እሱ ራሱ። እኔን እንዳይረብሽ።"

"እንዳይረብሽ?"

"ነገ ፈተና አለኝ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ አላራመድኩትም።"

"የምን ፈተና ነው?"

"የፊዚክስ" አልኩ።  "ፊዚዮቴራፒ ለመግባት።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ክሩን በጥፍራቸው ፈቱ፤ ካልሲውን አወጡ፤ አጠፉት፤ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "የጫፉ ጎማ አልቋል፤ ለዚህ ነው የሚጮኸው። አዲስ እሰጥሻለሁ" አሉኝ፤ ሄዱ።

ማታ ቤት ስንገባ ቆርጬ ነበር። አባቴን በማንኪያ እያጎረስኩት፣ "ነገ አልፈተንም" አልኩት።

ማኘኩን አቆመ።

"ለምን?"

"እንዴት ብዬ ልፈተን? አንተ እንዲህ ሆነህ።"

ማንኪያውን በአገጩ ገፋ አደረገው። ከዚያ በዝግታ፣ "ካልተፈተንሽ ለምን ወደቅኩ?" አለኝ።

ማንኪያውን ሰሃኑ ላይ አስቀመጥኩ።  እናቴ ከበሩ ላይ "ትሄጃለሽ፣ በቃ" አለች። ያን ሌሊት አንድ ገጽ አልገለጥኩም።

ጠዋት ቢፍቱ የፈተናው አዳራሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ፊትሽ ምን ሆኗል? መሰላሉ ላይ ወጥተሽ ወደቅሽ እንዴ?" አለችኝ። ቀልዷ ነው፤ የምታውቀው ነገር የለም። አልፌያት ገባሁ።

ወረቀቱን ገለጥኩ። አራተኛው ጥያቄ መሰላል ነበር። ሰው የቆመበት መሰላል፣ ወለሉ ለስላሳ፣ በየትኛው ጊዜ ይንሸራተታል፤ ምክንያቱን አስረዱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀመሩን ፍለጋ ስባዝን ጊዜዬ ያልቅ ነበር። ያን ቀን ቀመሩን አልፈለግኩትም። ነጭ ካልሲ አየሁ። ለስላሳ ሲሚንቶ አየሁ። ክብደት ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲዘል፣ ምርኩዙ የሚይዘው አጥቶ ሲሸሽ አየሁ። ጻፍኩ። አንድም ነገር ሳላጎድል ጻፍኩ። ስጨርስ እጄን ከጠረጴዛው ስር አስገብቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ነገሩ በመጨረሻ ገብቶኝ ነበር፤ የገባኝ ግን በአባቴ ገላ ነው።

ውጤቱ ሲወጣ ካሰብኩት በላይ ሆነ። ቢፍቱ እየዘለለች "ይኸው እሱም ወደደሽ!" አለችኝ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈረኝ። ለአባቴ ስነግረው በጄሶ የታሰረ እጁን አንስቶ ጭንቅላቴን መታ አደረገኝ። እትዬ ጥሩወርቅ እልል አለች። ከሁሉም በላይ የከበደኝ የእነሱ ደስታ ነበር፤ አንዳቸውም ወደ እኔ ጣት አልቀሰሩም። አንድ ሰው እንኳን "ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?" ቢለኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። እግሩ እስኪድን መቆም አልቻለም፤ ጄሶው እስኪወጣ ምርኩዝ መያዝ አልቻለም። አቶ መኮንን ጉልበቱን አጥፈው ዘርግተው አዩትና "ከመነሻው እንጀምራለን" አሉ። ያገኘነው ሁሉ ሄዶ ነበር። የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አባቴ አሁንም አይጠራኝም። ውሃ ቢጠማው ይጠብቃል። ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ ይታገሳል። "አባ፣ ጥራኝ እንጂ" ስለው "እሺ" ይላል፤ መጽሐፍ ስይዝ ግን እንደገና ድምፁ ይጠፋል። ያ ዝምታ ከቤታችን እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ገብቶ ሲቀመጥ ግን እኔ ነበርኩ ወንበር የሰጠሁት።

መጽሐፎቼን ይዤ ወጣሁ። የአባቴን ወንበር ኒሙ ስር አወጣን፣ እኔ አጠገቡ ምንጣፍ ላይ። ጥጡን ጣልኩት። እትዬ ጥሩወርቅን በርበሬዋን እንድትወቅጥ ለመንኳት፤ መጀመሪያ ቀን "እያሾፍሽብኝ ነው?" ብላ ተቀየመችኝ። ሬዲዮኗን ስትከፍተው ግን ግቢው ሁሉ ትንፋሽ ያገኘ መሰለ። ሁለተኛውን ሴሚስተር የጀመርኩት እንዲህ ነው። ኬሚስትሪውም ከፊዚክሱ አይቀልም። በጫጫታው መሀል ሳነብ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ መድገም ይኖርብኛል። እደግመዋለሁ።

የምታነቡ ሰዎች፣ እንደኔ የምትማሩ ካላችሁ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ለእናንተ ሲባል ቤቱ ዝም ሲል ደስ ይላችኋል፤ እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ዝምታው ሲበዛ ተነሱና እዩ። ከዝምታው ስር ማን እንደተኛ አታውቁም። ተማሪ በቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ እባካችሁ ሲያስላችሁ ሳሉ። ሰሃን አንኳኩ። ስትወድቁ ጩኹ። ሰውን ለማንሳት የሚማር ልጅ አባቱ ሲወድቅ ካልሰማ፣ የተማረውን ለማን ያደርገዋል? ይህን የምለው ነገሩ ስለተሻለኝ አይደለም። ካልሲው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ልጥለውም ላደርገውም አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ የሆነውን ነግሬያችሁ ላብቃ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ "ዛሬ ደጁ አቧራ ነው፣ ውስጥ ሆነሽ አጥኚ" አለችኝ። አቧራ አልነበረም። የእናቴ ፊት ግን ጥያቄ የሚቀበል አልነበረም፤ ገባሁ። የኬሚስትሪ መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከደጅ አንድ ድምፅ መጣ። ጠፍ። ከዚያ የምርኩዝ ምት። ጠፍ።  ልነሳ ስል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፣ "ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ፣ ሳበው።" የጫማው ጠፍጠፍታ ቀስ እያለ ከበሩ ራቀ፤ አረፍ አለ፤ ቀጠለ። በሩን ይዤ ቆምኩ፤ አልወጣሁም። ካልጠራኝ እንደማልወጣ ለራሴ ነገርኩት፤ ይህን ያህል ጠብቄ የማውቀው ነገር የለም።

ጠፍጠፍታው ቆመ። ጸጥ አለ። እትዬ ጥሩወርቅ እንኳን ሬዲዮኗን ዘግታለች።

ከዚያ ከኒሙ ስር፣ የዋሂል መንገደኛ ሁሉ በሚያውቀው በዚያ በድሮ ድምፁ፣ አባቴ ጮኸ፤

"ሐናን! ወራጅ አለ! ነይ አውርጂኝ!"

ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።